የአራተኛ ክፍል አግዳሚዎች

እዚህ አማን ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ የእድር ዕቃ ቤት አለ። አግዳሚ ወንበሮቹን ሲያወጧቸው እግራቸው ሲሚንቶውን እየፋቀ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ያንን ድምፅ ስሰማ እነሳለሁ። ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ይሁን፣ የልጄን ጸጉር እያበጠርኩ ይሁን፣ ብቻ ብድግ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ማን መጣ?» እያለ ወደ በሩ ያይ ነበር። አሁን ለምዶታል፤ ቢላውን ከእጄ ተቀብሎ እሱ ይከትፋል።

ትናንት ስትደውልልኝም እንደቆምኩ ነበርኩ። በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ እናቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ እንዳለች፣ ከመጣች ጀምሮ አፏን እንዳልከፈተች ነግረኸኝ «ምን ልበላት?» አልከኝ። እኔም «አይዞሽ በላታ» ብዬህ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ዋሸሁህ። ያንን ቃል እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ጠልቼው፣ አንተ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ መሆኑ አናደደኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ይኸው አሁን ልጄን ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ድምፄን እየቀዳሁልህ ነው። ረዘመ ብለህ እንዳታማርር። ሃያ ዓመት ያልነገርኩህን ነው የምነግርህ።

አንተ ያኔ ገና ዓመት ከመንፈቅህ ነበር፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ከተማችንን አንተ የምታውቃት አስፋልት ከገባላት በኋላ ነው። ያኔ ከሸኮ ወረድ ብሎ ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ቤት የተደረደረበት አንድ የጭቃ መንገድ ነበረች፤ ሌላው ሁሉ ቡናና ከቡናው በላይ የሚያጠላ ትልልቅ ዛፍ ነው። ኅዳር ሲገባ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው የሚመጣው የቡና ገለፈት ሽታ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ፣ የተብላላ ነገር የሚመስል ሽታ፣ ልብሳችን ውስጥ ሁሉ ይገባል። አባታችን እዚያው ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ስለነበር ቤታችን ከሰው ቤት ይበልጥ ይሸት ነበር። እናታችን ደግሞ ኮረሪማ እያደረቀች ለገበያ ታወጣለች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላሉ። ቤታችን ማታ ማታ ሁለቱ ሽታዎች የሚጣሉበት ቤት ነበር።

ትምህርት ቤታችን በዚያ ዓመት አዲስ ክፍል ተጨመረለት። ግድግዳው ተመረገ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ዴስክ ግን አልመጣም። ይመጣል ይመጣል እየተባለ ድንጋይ ላይና ግንድ ላይ ስንቀመጥ ከረምን። የወላጆች ኮሚቴው ሊቀመንበር የእድሩም ዳኛ ነበሩ። የእድሩ ዕቃ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ አጥር ነው የሚጋራው። ታዲያ አንድ ቀን ሰውዬው ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ አግዳሚዎቹ ዝም ብለው ምስጥ ከሚበላቸው ሰው እስኪሞት ድረስ ልጆቹ ይቀመጡባቸው አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ነገሩም ትክክል ነበር። በማግስቱ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም አግዳሚዎች አራተኛ ክፍል ገቡ።

የእኔ አግዳሚ ከበሩ በኩል ሁለተኛው ነበር። ጣውላው ላይ ጉጡ የወለቀበት አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሳትጠነቀቅ ከተቀመጥክበት ጭንህን ይቆነጥጥሃል። እኔ እርሳሴን እዚያ እተክለው ነበር።

ሰው ሲሞት የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ይመጣል። ቦቲ ጫማ የማይለየው፣ ከልጅ ጋር መላፋት የሚወድ አጭር ሰውዬ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ይቆምና ለመምህሯ ዝቅ ባለ ድምፅ ሁለት ቃል ይነግራታል። እሷ ጠመኔዋን ታስቀምጣለች። እኛ ከዚያ በኋላ የምንሰማው ነገር የለም፤ «አግዳሚ ወጣ!» ብለን ጣሪያውን በጩኸት እናነሳዋለን። ትምህርት የለማ! እያንዳንዱን አግዳሚ አራት አራት ሆነን ተሸክመን እስከ ግቢው በር እየዘፈንን እናደርሳለን፤ ከዚያ ወዲያ ጎረምሶቹ ይረከቡናል። ቃሉን ከመልመዳችን የተነሳ መምህራን ስብሰባ ሲገቡም፣ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታና ትምህርት ሲቀርም «ዛሬ አግዳሚ ወጣ» ነበር የምንለው።

ክፉ ልጆች አልነበርንም። ብቻ አልገባንም። ከእኛ መካከል አንድ ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ታመው ተኝተዋል። ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም ሁኔታቸውን ይነግረናል። «ዛሬ ገንፎ በሉ» ሲለን ቅር ይለናል። ይሄን ስነግርህ አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ያን ጊዜ ግን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

እናታችን እሑድ ቀን ታማ ሚዛን ሆስፒታል ገባች። መኪና ላይ ስትሳፈር ጉንጬን በጣቶቿ ይዛ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ። አባታችን አብሯት ሄዶ ማክሰኞ ብቻውን ተመለሰ፤ ተሽሏታል አለ፤ ረቡዕ ደግሞ ተመልሶ ሄደ። እኔና አንተን ጎረቤታችን ያዘችን፤ ያቺ አንተ እስከዛሬ እማማ የምትላት። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ እኔንም አንተንም «አንተ» ነበር የምትለን። ጎደሬ ቀቅላ፣ ማር ጣል አድርጋ ታበላናለች። እኔ ቅዳሜን እየቆጠርኩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዕቃ ጠባቂው በሩ ላይ ቆመ። በዚያን ቀን ጥሩምባ አልተነፋም፤ ወሬው በሱቅ ስልክ ከሚዛን መጥቶ ገና ለዳኛው ብቻ ነበር የደረሰው። መምህራችንም ማን እንደሞተ አላወቀችም፤ ሰውዬው ያላት «ወንበሩን እንፈልገዋለን» ብቻ ነው። ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከሁሉ ቀድሜ «አግዳሚ ወጣ!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። በልቤ አይደለም፤ ጉሮሮዬ እስኪቆስል ነው የጮኽኩት። የሂሳብ የቤት ሥራ አልሠራሁም ነበራ። እርሳሴን ከጉጡ ቀዳዳ ነቅዬ፣ የአግዳሚያችንን ጫፍ ይዤ፣ እየዘፈንኩ ወጣሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ዕቃ ጠባቂው አየኝ። ወትሮ ቢሆን «አንቺ ቁንጫ፣ እንዳትጥይው» ምናምን ብሎ ይላፋኛል። ያን ቀን ግን ጫፉን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና «ተይው ልጄ፣ ይከብድሻል» አለኝ። ገረመኝ። ግን አላሰብኩበትም። እሱስ እንዴት ብሎ ይንገረኝ?

ከጓደኞቼ ጋር ማጠቢያ ጣቢያው ሥር ወዳለው ቦይ ወረድን። የቡናው ገለፈት የተከመረበት አለ አይደል፣ እዚያ ላይ እየተንሸራተትን ስንጫወት ዋልን። ቀሚሴ ረጠበ፣ ቀላ፣ ሸተተ። እኔ የማስበው እማማ እንደምትቆጣኝ ብቻ ነበር። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ እያየን፣ ሸንኮራ እየበላን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከሩቅ ሸራ ተወጥሮ አየሁ፤ በራችን ላይ። ከሸራው ሥር አረንጓዴዎቹ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። የእኔን አግዳሚ ወዲያው ለየሁት፤ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ልክ ጉጡ ላይ ተቀምጠው ጭናቸውን ያሻሉ። እና ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ለአንድ አፍታ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ለማይሞላ ጊዜ፣ አግዳሚያችን እኛ ቤት መጣ ብዬ ደስ አለኝ። እዚያም ደስ አለኝ። ከዚያ ሚዛን ነው ያልኩት አባታችን ራሱ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ መሀል ተቀምጦ አየሁት።

እማማ ከኋላዬ መጥታ በጋቢዋ ጠቀለለችኝና ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። አንተ እሳቱ አጠገብ ተኝተሃል። «እናትህ ሚዛን ነው፣ ተኝቷል» አለችኝ፣ እያለቀሰች። ውሸቱን ራሷም አላመነችውም፤ ግን እንደዚያ በይ ተብላለች። ልጆች አይነገራቸው ተብሏል። ከአጥሩ ወዲያ ሙሾው ይሰማኛል፤ የእናቴን ስም እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። እኔ ጎደሬዬን እበላለሁ።

ሦስት ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሰው ይመጣል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ሲነሳ አባታችንን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል። ለአክስታችንም «ያጥናሽ» ይባላል። ከማጠቢያ ጣቢያው ለመጡ ዘበኞች እንኳ፣ የሥራ ጓደኛ ናቸው ተብሎ፣ «ያጥናችሁ» ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሾልኬ ገብቼ አባታችን ጎን ልቀመጥ ስል አክስታችን ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ልጅ ለቅሶ አይቀመጥም አለች። መውጫው ላይ ያሉት ሴቶች ራሴን እየዳበሱ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አሉኝ። አንዷ ብስኩት ሰጠችኝ። ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የሚሉኝ? ማንም ምን እንደሆንኩ አልነገረኝማ። ብስኩቱን ላንተ አበላሁህ።

ስለ አንተ ደግሞ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። እማማ አዝላህ ስታልፍ ያዩህና ከንፈራቸውን መጥጠው «ይሄስ ምንም አያውቅም» ይላሉ። ሁሉም ይሄንኑ ይላል። አንተ ግን ልክ ሲመሽ፣ እናታችን ከገበያ በምትመለስበት ሰዓት፣ በጣትህ በሩን እያሳየህ ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። አግዳሚዎቹ ቀድመውኝ ተመልሰዋል። መምህራችን ስትገባ እንደ ደንቡ ሁላችንም ተነስተን «እንደምን አደሩ» አልን። እሷም «ደህና፣ ተቀመጡ» አለች። ሁሉም ተቀመጠ። እኔ አልተቀመጥኩም።

አልታዘዝም ብዬ አይደለም። ጉልበቴ እምቢ አለ። አግዳሚውን ሳየው ያ ጩኸቴ ይሰማኛል። ሞትን እኔ የጠራሁት ነበር የሚመስለኝ። አግዳሚ ወጣ ብዬ ስጮህ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ፤ ባልጮህ ኖሮ እናቴ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ይሄንን ለማን ልንገር? ለአባቴ? አንድ ቃል ለማውጣት እንኳ አቅም ያጣ ሰው ነው። ለጓደኞቼ? እነሱም እኮ ጮኸዋል። ከእነሱ ግን እናቱ የሞተችበት የለም። ስለዚህ ዝም ብዬ ቆምኩ። ደብተሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆሜ እጽፋለሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ መሀል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላውቅም።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ተዉኝ፤ መተዋቸው ከሳቁ ባሰ። ጓደኞቼ እናት የሌላት ልጅ በሽታ ያጋባ ይመስል ወደ አግዳሚው ሌላ ጫፍ ተጠጉ። መምህራችን ግን አልተቆጣችኝም። የጌጫ ከተማ ልጅ ነበረች፤ ረጅም፣ ገና ወጣት፣ አንዲት ሰማያዊ ሹራብ ያላት። እኔ ከቆምኩ ጀምሮ እሷም ወንበሯ ላይ መቀመጥ ተወች። ቆማ ታስተምራለች፣ ቆማ ታርማለች። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሁለት ሳምንት ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አልፎ ሲያየኝ አላስቻለውም። ለእሱ የሥርዓት ጉዳይ ነው። አባታችን ተጠራ። ቢሮው በር ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ወይ እንደ ሰው ትቀመጥ ወይ እስኪሻላት ቤቷ ትረፍ አለ። አባታችን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ እንግዲያውስ ቤት ትሁን፣ ሕፃኑንም የሚይዝልኝ ሰው ቸግሮኛል አለ። አትፍረድበት። ክፉ አባት አልነበረም፤ የደከመው አባት ነበር። ግን አንድ ጊዜ ቤት ከገባሁ እንደማልመለስ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። የሦስተኛ ቤት ጎረቤታችን ልጅ እንደዚያው ለጊዜው ነው ተብላ ቀርታ ነበር። መምህራችን ጣልቃ ገባችና «እስከ ሰኞ ስጡኝ» አለች። ሐሙስ ነበር። እስከ ሰኞ ተሰጣት።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ደብተሬን እየሰበሰብኩ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል። በበሩ ብርሃን ላይ ሰው ቆመ፤ ቀና ስል መምህራችን ናት። ሹራቧን አውልቃ ነጠላ ለብሳለች፤ ያውም አዘቅዝቃ፣ ለቅሶ እንደሚሄዱት። በልቤ የመጣው ሌላ ሰው ሞተ የሚል ነው። አባቴ ነው ወይስ አንተ?

«ማንም አልሞተም» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ። «ለቅሶ ልደርስሽ ነው የመጣሁት።»

«አባቴ ቤት ነው» አልኳት።

«ለአባትሽማ ደርሻለሁ። ያልደረስኩት ላንቺ ነው።»

ገብታ ጎኔ ቆመች። አልተቀመጠችም። እንደ ትልቅ ሰው ነው የቆመችው፤ ባለሐዘኗ እስክትቀመጥ የምትጠብቅ እንግዳ ሆና። እጇን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። ዝም። ያንን ያህል ዝም ያለ ትልቅ ሰው ከልጅ ፊት አይቼ አላውቅም። እግሯ እንደደከማት ገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ። እንግዳን አቁሞ ማቆየት ነውር መሆኑን እናቴ አስተምራኛለች። ስለዚህ ተቀመጥኩላት። ለራሴ አይደለም፣ ለእሷ ነው የተቀመጥኩት። እሷም ወዲያው ጎኔ ቁጭ አለች።

ስቀመጥ ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ደርቆ ነበር። እንደ ትልልቆቹ ሴቶች እየተወዛወዝኩ፣ የእናቴን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ። «እናቴ» አይደለም፣ ስሟን ነው የጠራሁት፤ በአጥሩ ቀዳዳ እንደሰማሁት። መምህራችን ዝም በይ አላለችኝም። አይዞሽም አላለችኝም። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሲወጣልኝ ጊዜ፣ እኔም ሳላስበው አፌን ከፈትኩ። «መምህር፣ ያን ቀን አግዳሚ ወጣ ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጣቷን በጉጡ ቀዳዳ አስገብታ አወጣች።

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «አርባ ደብተር ነበረብኝ የማርመው። ሰውዬው በሩ ላይ ሲቆም ተመስገን፣ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ነው ብዬ ነበር። ተኝቼም ነው የዋልኩት። ማን እንደሞተ የሰማሁት ማታ ነው።»

አየኋት። ፊቷ ቀልቷል። አንድ መምህር ከልጅ ፊት እንደዚያ ሲያፍር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። እና ምን አሰብኩ መሰለህ፤ እሷም ደስ ካላት፣ አርባ ልጅም ደስ ካለው፣ እናቴን የገደለው የእኔ ጩኸት ሊሆን አይችልም። እንደዚያ ቀላል ሆነ። ስንት ሰው መክሮኝ፣ ስንት ሰው ዳብሶኝ፣ ከላዬ ያወረደልኝ ግን «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» ያለችኝ ሴትዮ ናት።

ስትነሳ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቆመች። በሁለት እጇ እጄን ያዘች፤ ራሴን አልዳበሰችም። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለችኝ። አንቺ ብላ፣ ለእኔ ብቻ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልኩ። አባቴ ሲል እንዳየሁት።

ሰኞ ጠዋት «ተቀመጡ» ስትል ተቀመጥኩ። ጉጡ ቆነጠጠኝ። ምክትሉ በመስኮት አየኝ፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። በእረፍት ሰዓት ሦስት ልጆች መጥተው ጎኔ ተደረደሩ፤ ዝም ብለው መሬት መሬት እያዩ፣ አንዷ የተቀቀለ በቆሎ በላስቲክ ይዛለች፤ ለንፍሮ መሆኑ ነው። መምህራችን ትላካቸው፣ ራሳቸው ያስቡት፣ እስከዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ያ ቀልደኛ ልጅ መጣና ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለ። ለቀልድ አልነበረም፤ ከምሩ ነው። ግን ድምፁ መሀሉ ላይ ቀጥኖ ተሰበረና ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን «አግዳሚ ወጣ» ብሎ የጮኸ ልጅ የለም። ማንም አልከለከለንም። ዕቃ ጠባቂው ሲመጣ ዝም ብለን አንስተን እስከ በሩ እናደርሳለን።

በዓመቱ መጨረሻ መምህራችን ወደ ሀገሯ ተዛወረች። በክረምቱ ስለሆነ አልተሰናበትንም፤ መስከረም ላይ ስንመለስ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘን። አንተ ለማስተማር ጌጫ ሲደርስህ እኔ ያን ያህል የጮኽኩት ለምን ይመስልሃል? ስሟን ነግሬህ ጠይቅልኝ አልነበር? ጠይቀህ ታስታውሳለች የተባለች አንዲት አሮጊት ብቻ አገኘህ፤ እሷም መምህሯ ከብዙ ዓመት በፊት ከዚህ ሄዳለች፣ ወዴት እንደሆነ አላውቅም አለችህ። በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳ አላውቅም። ሞታም ከሆነ ለቅሶዋን አልደረስኩም። ይሄ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ስለ ልጅቷ ይኸው ነው የማውቀው። አይዞሽ አትበላት። አትዳብሳት። ብስኩትም አትግዛላት። ልጆቹ ሲወጡ ጠብቀህ ግባና ለቅሶ ልደርስሽ ነው የመጣሁት በላት። ከዚያ ዝም በል። አንተ ዝምታ ላይ ጎበዝ ነህ።

አሁን ደግሞ ያንተ። ሁለት ዓመት ሊሞላህ ሲል አንድ ቀን እኔን «እማዬ» ብለህ ጠራኸኝ። አስታውሰው አልልህም። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ በጥፊ ነው የመታሁህ። አሥር ዓመቴ ነው፤ የምሆነውን አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ በሩን በጣትህ ማሳየት ተውክ፣ እማዬ ማለትም ተውክ፣ ዝም አልክ። ሰው ሁሉ ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም እያለ አመሰገነህ። እኔም አመሰገንኩህ። ምንም አያውቅም ብለን ሁላችንም አለፍንህ፤ እኔ፣ ምን እንደሚመስል የማውቀው፣ እኔም አለፍኩህ። ትናንት ምን ልበላት ስትለኝ ድምፅህን ሰማሁት። ስለ ልጅቷ ብቻ አልነበረም።

ዕቃ ቤቱ ጋ ወንበሮቹን እየመለሱ ነው፤ ይሰማህ ይሆናል ድምፁ። አልተነሳሁም። ተቀምጫለሁ። አንተም ከቆምክ ተቀመጥ።

እናትህ ሞታብሃለች፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጥናህ።